የጸሎት ቤቱ መስታወቶች ጥገና፦ ረቂቁ ላይ ሐሳብ ስጡ

ጸሐፊ፦
ረቂቁ ይኸው። የትምህርት ቤታችን ጸሎት ቤት ስድስት ባለቀለም መስታወቶች ከክረምት በፊት ወርደው ቁርጥራጮቻቸውን የያዘው የእርሳስ ማዕድን ይታደስ፤ የሠሪዎቹ ስም ተጣርቶ በሩ ላይ ይጻፍ። አምና በረዶ የሰበረው የቅዱስ ጊዮርጊስ መስታወት ይቀድማል። ከየአባሉ 1,000 ብር። እስከ ዓርብ ተናገሩ፤ እንደ አጥሩ ጊዜ ሥራው ካለቀ በኋላ መጥታችሁ እንዳትከራከሩ።

የጠባሴው፦
እሑድ መሰላል ላይ ወጥቼ በእጄ ዳሰስኩት። መስታወቱ ደህና ነው፤ የደከመው እርሳሱ ነው። ቁርጥራጮቹን ግራና ቀኝ በቦዩ የያዘው እርሳስ ላልቶ፣ ገላው እንደ ሆድ ወደ ውጭ ተነፍቷል። አግድም የገባው ብረት ደግሞ ዝጎ አብጧል፤ ጥግ ጥጉን የሰነጠቀው እሱ ነው። በረዶው የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ስቱኮው የድሮ ሰዎች በተልባ ዘይትና በጠመኔ ዱቄት የሚያቦኩት ነው፤ ተልባ እንደሆነ እዚሁ ደብረ ብርሃን ገበያ አለ። ሲሊኮን የሚለጥፍ ሰው ካመጣችሁ እኔ የለሁበትም፤ ለሚቀጥለው ጠጋኝ አይነቀልም።

የመንዙ፦
ብሩን እከፍላለሁ። «የቅዱስ ጊዮርጊስ» የሚለው ግን ይውጣ። ፈረሱ ጥቁር ነበር፤ መርቆሬዎስ ነው።

የአንኮበሯ፦
ስድስት ዓመት ከሥሩ ቆሜ ጸልያለሁ። ፈረሱ ነጭ ነው፤ ጊዮርጊስ ነው።

የመንዙ፦
የተረፈችውን ሰኮና እያት እስኪ። ድፍን ሰማያዊ ናት። ነጭ ፈረስ ሰማያዊ ሰኮና ከየት አመጣ?

የአንኮበሯ፦
ጥቁሩስ ከየት አመጣ?

የጠባሴው፦
መስታወት ላይ ጥቁር ቀለም ብርሃን ከለከለ ማለት ነው፣ ግድግዳ ሆነ። በጥቁር ቀለም ተሥሎ እቶን የሚገባው መስመሩ ብቻ ነው። ስለዚህ ጥቁር ፈረስ የፈለገ ሠሪ ኮባልት በሚባል ማዕድን የቀለመ ጠቆር ያለ ሰማያዊ መስታወት ይቆርጣል። ነጭ ፈረስ የፈለገም ለጥላው ያንኑ ይወስዳል። በሰኮና አትፈርዱም። ከእግሩ ሥር የነበረውን አስታውሱ፤ ዘንዶ ከሆነ ጊዮርጊስ፣ የወደቀ ንጉሥ ከሆነ ዑልያኖስ ነውና መርቆሬዎስ።

የአንኮበሯ፦
ስብርባሪው የተቀመጠበት ካርቶን ውስጥ ያለው አረንጓዴ ቁራጭ የዘንዶው ጅራት ነው።

የመንዙ፦
ሣር ነው።

የ82ቱ፦
የምረቃ ፎቶ አለኝ፤ ፈረሱ ከኋላችን ሙሉውን ይታያል። ነገ እልካለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦
እስካሁን የከፈሉት አሥራ አንድ ሰው ናቸው። እኔ የጠየቅኩት ብር ነው፣ እናንተ ፈረስ ትጋልባላችሁ።

የመንዙ፦
ፈረሱ ሳይለይ የኔን አትጠብቅ። ከመንዝ የመጣ ሰው በዚህ ማኅበር የሚታወሰው መዋጮ ሲሰበሰብ ብቻ ነው።

የአንኮበሯ፦
ይኼን ምን አመጣው? ሌላ ሐሳብ አለኝ። መስታወቶቹ የአፈወርቅ ተክሌ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ያገሬ ልጅ ነው። ማመልከቻው ላይ ስሙን ብናስገባ ለጋሽ አናጣም።

የጠባሴው፦
በ1925 ዓ.ም. አንኮበር መወለዱን ማን ይክዳል? አዲስ አበባ አፍሪካ አዳራሽ ያለው 150 ካሬ ሜትር መስታወት የሱ ነው፤ ሄጄ አንገቴ እስኪደነዝዝ አይቼዋለሁ። እኛ ዘንድ ግን የሱ ፊርማ የለም። በሱ ስም ከለመንን የኛን ሠሪዎች መልሰን ቀበርናቸው። ንድፉን ያወጣው ሌላ፣ ቆርጦ ያገጣጠመው ሌላ ሊሆን ይችላል። የማንሠራው ብንሆን እንኳ የሠሩትን እንፈልግ።

የአንኮበሯ፦
እሺ ጋሼ፣ ይውጣ። ፎቶውስ?

ጸሐፊ፦
የ82ቱ ሦስት ቀን ሆነው፣ ስልክም አያነሳም።

የመንዙ፦
እቱ፣ ትናንት የጻፍኩት በንዴት ነው። እናቴ በየወሩ በ25 የመርቆሬዎስን ዝክር ታወጣ ነበር። ከመንዝ መጥቼ ለብርዱ እንግዳ ሳለሁ ያ መስታወት ፀሐይ ሲመታው ወለሉ ላይ ሰማያዊ ያርፍ ነበር፤ እሱ ላይ ቆሜ ነው እሷን የማስባት። ጊዮርጊስ ነው ስትሉኝ እሷን የነጠቃችሁኝ መሰለኝ።

የአንኮበሯ፦
ይህን መጀመሪያ ብትነግረን ኖሮ። እኔም እኮ የ23ቱ ናት አያቴ።

ገንዘብ ያዥ፦
ክረምቱ ደረሰ። ስድስቱንም ለማውረድ ብሩ አይበቃም። አሁን ከውጭ የሽቦ መረብ እናስገጥም፤ ከተረፈ ለአግዳሚ ወንበሮቹ ይሁን፤ ተማሪ መሬት ላይ እየተቀመጠ ነው።

የጠባሴው፦
ሽቦው በረዶ ይመልሳል፣ ያበጠ እርሳስ አይመልስም። ወንበርን ማን አነሣው?

የመንዙ፦
ለወንበሩ እኔ አለሁ፣ ዛሬውኑ እልካለሁ።

ጸሐፊ፦
የተስተካከለው ረቂቅ፦ ለስድስቱም ሽቦ፣ አሥር ወንበር፣ የፈረሰኛው ቦታ እስከ መስከረም በነጭ ተራ መስታወት ይዘጋ። «የቅዱስ» ከሚለው ቀጥሎ ባዶ ትቼዋለሁ። የሠሪዎቹን ስም ለማጣራት ፈቃደኛ የሆነ ይጻፍልኝ።

የጠባሴው፦
እኔን ጻፉኝ። ካርቶኑን ዛሬ ከመጋዘን አውጥቼ ቆጠርኩ፤ አረንጓዴዋ አለች፣ ሰኮናዋ የለችም። የወሰደ ሰው ካለ ቅዳሜ ይዞ ይምጣ፤ ልኳን ሳልወስድ ነጩን መስታወት አልቆርጥም።