ከአዲስ አበባ ሐዋሳ በብስክሌት ለካንሰር ታማሚ ሕፃናት፦ ምክራችሁን እንፈልጋለን

ጥያቄ (የቅዳሜ ነጂ)፦
ሰላም ለሁላችሁም። አዲስ አበባ የምንኖር አሥራ ሁለት ጓደኛሞች ነን። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት አብረን ብስክሌት እንነዳለን። ዘንድሮ እስከ ሐዋሳ ነድተን ካንሰር ለያዛቸው ሕፃናት ገንዘብ ለማሰባሰብ ተስማምተናል። የአንዷ ጓደኛችን የእህት ልጅ የደም ካንሰር ሕክምና ላይ ነው፤ እሱን ልንጠይቅ ስንሄድ ከክፍለ ሀገር ልጅ ይዘው መጥተው ማደሪያ ያጡ ወላጆች አይተን ዝም ብለን መቀመጥ አልቻልንም። ለጳጉሜ አስበናል። በየት እንሂድ? በስንት ቀን? ምን እንያዝ? ገንዘቡንስ እንዴት ብንሰበስብ ነው ሰው የሚያምነን? ሦስቱ ልጆች ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነድተው አያውቁም።

መልስ (የመንገድ ልጅ)፦
ጎበዞች! በመጀመሪያ ጳጉሜን ተዉት። ዝናቡ አይወጣም፣ አስፋልቱ ያንሸራትታል፣ ከባድ መኪና አጠገብህ ሲያልፍ የሚረጨው ጭቃ ለደቂቃ ያህል ምንም አያሳይህም። የካቲት 8 ገደማ አድርጉት። የዓለም የሕፃናት ካንሰር ቀን የሚከበረው ያኔ ነው፣ መንገዱም ደረቅ ነው፣ ለልምምድም ጊዜ ታገኛላችሁ።

የፍጥነት መንገዱ ብስክሌት አያስገባም። ስለዚህ በአሮጌው መንገድ ነው፤ ቃሊቲ፣ ዱከም፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ። ከሁሉም የሚከፋው እስከ ዱከም ያለው ነው፣ ሲኖትራክና አይሱዙ ትከሻህን እየገፋ ነው የሚያልፈው። እዚያ ጋ ሁለት ሁለት ሆኖ እያወሩ መንዳት የለም፣ አንድ መስመር ብቻ። ሞጆ ላይ ወደ ቀኝ ትታጠፋላችሁ፤ ከዚያ ቆቃ፣ አለም ጤና፣ መቂ፣ ባቱ።

ጠቅላላው 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሁለት ቀን ይሄዳል። የመጀመሪያው ቀን እስከ ባቱ 160 ገደማ ነው፣ ግን አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ ባቱ 1,600 ገደማ ስለሆነ አብዛኛው ቁልቁለት ነው። ሁለተኛው ቀን አጭር ይመስላል። አትታለሉ። ላንጋኖን በግራ ትታችሁ ወደ አርሲ ነገሌ ስትጠጉ ዳገቱ ይጀምርና እስከ 2,000 ሜትር ገደማ ያወጣችኋል፣ እግር የሚከዳው እዚያ ነው። ሦስቱን ጀማሪዎች መሃል አስገቧቸው፣ ፊት ያለው ሰው ፍጥነቱን በእነሱ ልክ ያድርግ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነሱ፤ ከሰዓት በኋላ በስምጥ ሸለቆው ነፋስ ሲነሳ የግማሽ ሰዓቱ መንገድ አንድ ሰዓት ይፈጃል። በጨለማ ደግሞ በጭራሽ አትንዱ፣ ከብቱም ጋሪውም ባጃጁም ያለ መብራት ነው የሚሄደው።

መልስ (ባለጎሚስታው፣ ሞጆ)፦
ልጆቼ፣ እግዚአብሔር ይርዳችሁ። የመኪና ጎማ የሚጠግን በየከተማው ሞልቷል፣ የኮርስ ብስክሌት ቀጭን ካላማዳሪያ ግን በመንገድ አታገኙም። ለየሰው ሁለት ሁለት ትርፍ ያዙ፣ መንፊያና ማጣበቂያ አይለያችሁ። ካቴና የሚፈታበት ዕቃ ለቡድኑ አንድ ይበቃል። ከመነሳታችሁ በፊት የፍሬን ጎማዎቹን ቀይሩ፣ ወደ ቢሾፍቱ ስትወርዱ ታመሰግኑኛላችሁ። ከኋላ መብራት እያበራ የሚከተል አንድ ፒክአፕ የግድ ነው። ለምግብ በሶ በስኳር በጥብጣችሁ ያዙ፣ ሙዝ፣ ዳቦ በማር። ውሃ ብቻ መጠጣት አይበቃም፣ ላብ ጨው ይዞ ነው የሚወጣው፣ ኦአርኤስ ከፋርማሲ ገዝታችሁ ቀላቅሉ።

መልስ (ሲስተር)፦
የሕፃናት ካንሰር ክፍል ነው የምሠራው። እባካችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከጉዞው በኋላ አሥራ ሁለታችሁም ተሰብስባችሁ ክፍሉ ድረስ አትምጡ። ኪሞ (የካንሰር መድኃኒት) ላይ ያለ ልጅ በሽታ የሚከላከለው ነጭ የደም ሴሉ ይወርዳል፣ ለእናንተ ቀላል የሆነ ጉንፋን ለእሱ አደገኛ ነው። ሁለት ሰው በቂ ነው፣ እሱም ከሐኪሞቹ ጋር ተነጋግራችሁ። ፀጉሩ የረገፈ ልጅ ፎቶም ፖስተር ላይ አትለጥፉ። ወላጅ ጨንቆት «እሺ» ሊላችሁ ይችላል፣ ልጁ ግን ነገ አድጎ ያንን ፎቶ ያየዋል።

ሌላው ደም ነው። ልጆቹ ፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ክፍል) ያስፈልጋቸዋል፣ ፕሌትሌት ደግሞ ከአምስት ቀን በላይ አይቆይም፤ ለዚህ ነው ሁልጊዜ የሚያጥረን። ደም ባንክ ደውላችሁ ጓደኞቻችሁን፣ የመሥሪያ ቤታችሁን ሰው በየተራ አስመዝግቡ። ነጂዎቹ ግን ከጉዞው በኋላ ስጡ እንጂ ሰሞኑን ደም ሰጥታችሁ 160 ኪሎ ሜትር እንዳትነሱ።

መልስ (የልጅ እናት፣ ከወሎ)፦
ልጄ የደም ካንሰር ነበረበት፣ አሁን ደህና ነው፣ ተመስገን። የእንዲህ ዓይነቱ ሕክምና ሁለት ሦስት ዓመት ይወስዳል። ሰው መድኃኒቱን ብቻ ነው የሚያስበው። እኔን የፈተነኝ የመኪና ትራንስፖርቱና ማደሪያው ነበር፤ ቀጠሮ ሲደርስ ለሁለት ሰው መሳፈሪያ መበደር፣ ደርሶ ደግሞ አልጋ መያዝ፣ ያቺን ቀን ደም ምርመራው ሳይስተካከል ቀርቶ «በሳምንት ተመለሱ» ሲሉ ያንን ሳምንት የት ይታደራል? አብረውኝ ከነበሩት እናቶች ልጁ ትንሽ ሻል ሲለው ይዛው አገሯ ገብታ የቀረች አለች። ብታግዙ በዚህ አግዙ። አሻንጉሊትም ደስ ይላል፣ ግን መሳፈሪያው ይቅደም።

መልስ (ሲስተር)፦
እናታችን ያለችው ልክ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሀብታም አገሮች ካንሰር ከያዛቸው ልጆች ከ80 በመቶ በላይ ይድናሉ፣ በድሃ አገሮች ከ30 በመቶ በታች። ዘግይቶ መምጣትና የመድኃኒት እጥረት አለበት፣ ሕክምና አቋርጦ መቅረትም ከትልልቆቹ ምክንያቶች አንዱ ነው።

መልስ (ከስዊድን)፦
ገንዘቡን በተመለከተ እዚህ ያለውን ልንገራችሁ። ቲም ሪንከቢ የሚባል ለሕፃናት ካንሰር ገንዘብ የሚያሰባስብ የብስክሌት ቡድን አለ፤ በ2001 እ.ኤ.አ. ዴንማርክ ውስጥ ከአንድ ጭማቂ አምራች ድርጅት ጋር የተያያዙ ጥቂት አማተር ነጂዎች ወደ ፓሪስ ለመንዳት ወሰኑ፣ ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር ነው። ከስፖንሰር የተረፋቸውን ብር ኦዴንሰ ከተማ ለሚገኘው ሆስፒታል የሕፃናት ካንሰር ክፍል ሰጡ። ዛሬ በየኖርዲክ አገሩ ቢጫ ለብሰው የሚነዱ ቡድኖች አሉ፣ የስዊድኖቹ ገንዘብ ለሕፃናት ካንሰር ፈንዱ ነው የሚገባው። ነጂው ብስክሌቱን፣ ልብሱን፣ የመንገድ ወጪውን ራሱ ይችላል። እናንተም እንደዚያ አድርጉ። ሆቴሉን፣ ነዳጁን፣ ቲሸርቱን ከኪሳችሁ ሸፍኑና ይህንኑ በግልጽ ጻፉ፣ ያኔ ሰው ብሩ የት እንደሚሄድ አይጠራጠርም። በኪሎ ሜትር ቃል ማስገባትም ጥሩ ነው፤ አንድ ሰው በኪሎ ሜትር 10 ብር ቢል ሐዋሳ ስትደርሱ 2,750 ብር ነው።

መልስ (ሒሳብ ሠራተኛዋ)፦
በግል አካውንት አንድ ብር እንዳትቀበሉ። በሕግ ከተመዘገበ ድርጅት ጋር ተዋዋሉ፣ ገቢው በቀጥታ በእነሱ ስም ባንክ ይግባ፣ ደረሰኝ እነሱ ይቁረጡ። ታማሚ ልጆችንና አስታማሚዎችን የሚያስጠልለው ተስፋ አዲስ አለ፣ ማቲዎስ ወንዱ የካንሰር ሶሳይቲም አለ። ሄዳችሁ አነጋግሩ፣ ብሩ ለትራንስፖርትና ለማደሪያ እንዲውል በደብዳቤ ይጻፍ። በምታልፉበት ከተማ ሁሉ ላለው ፖሊስም የድርጅቱ ደብዳቤ ይጠቅማችኋል፤ ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ጸጥታ በዚያው ጠይቁ።

ጠያቂው (የቅዳሜ ነጂ)፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልን። ትናንት ማታ ተሰብስበን አነበብነው። የካቲት ሆኗል። ወጪውን ራሳችን እንችላለን፣ ፖስተሩ ላይ የልጅ ፎቶ አይኖርም፣ ሰኞ ወደ ድርጅቶቹ እንሄዳለን። እትዬ፣ ስለ መሳፈሪያው ያሉት አንደኛ ሆኖ ተይዟል። የቀረን ተከታይ መኪና ነው። ለሁለት ቀን ፒክአፕ ከነሹፌሩ የሚያውሰን ካለ ነዳጁ በእኛ ነው።

መልስ (ባለጎሚስታው፣ ሞጆ)፦
እስከ ሞጆ የሚያደርሳችሁ ፈልጉ። ከሞጆ ሐዋሳ የወንድሜ መኪና አለ፣ እኔም ዕቃዬን ይዤ አብሬ እመጣለሁ። ቀኑን ቁርጥ ስታደርጉ ብቻ ንገሩኝ።