የዌልስ ስም መርጠን ንባቡን ብንቀይረው ያስኬዳል?

የምንኖረው እንግሊዝ አገር ነው፤ የልጅቷ አባት ዌልሳዊ ነው። የመረጥንላት ስም በላቲን ፊደል ኢ-አይ-አር-ኤ ተብሎ ይጻፋል፤ በዌልስኛ «በረዶ» ማለት ነው። ትክክለኛው ንባብ «ኤይራ» ሲሆን እኛ የወደድነው ግን «አይራ» የሚለውን ነው።

ችግሩ ዌልስኛ እንደ እንግሊዝኛ አይደለም፤ እንደተጻፈ ይነበባል። ስለዚህ ቋንቋውን የሚችል ሁሉ ያርመናል፣ አያቷን ጨምሮ። እርግጥ «ዲላን» የሚባለው ስም በዌልስኛ «ደላን» ነው፤ ባለቅኔው ዲላን ቶማስ ግን «ዲላን» መባልን ይመርጥ ነበር። እሱ ግን ዓለም የለመደው ስም ነው።

አጻጻፉንም ለመቀየር ሞክረናል። የመጀመሪያውን ፊደል በኤ ስንተካው ዌልሶች ልክ «አይራ» ይሉታል፤ ግን በረዶነቱ ይጠፋል፣ እንግሊዞችም «ኤራ» ሊሉት ይችላሉ። የመጀመሪያውን ፊደል ጥለን በአይ ስንጀምረው ደግሞ እንግሊዞች «አይራ»፣ ዌልሶች «ኢራ» ይሉታል፤ በዚያ ላይ አሜሪካ ውስጥ የወንድ ስም ነው። ጣጣ የሌለው በአማርኛ ብቻ ነው፣ ወለጋ ያለችውን አይራ ቢያስታውስም።

የልደት መዝገብ ላይ የሚሰፍረው ፊደል እንጂ ድምፅ አይደለም። ለማስመዝገብ ከተሰጠው 42 ቀን የቀረን 19 ነው፤ ከተመዘገበ በኋላ በ12 ወር ውስጥ ስም ማስለወጥ ቢቻልም ዳግም መመላለሱን አንፈልግም።

ዌልስኛ በሚነገርበት አካባቢ ልጅ ያሳደጋችሁ፦ አጻጻፉን እንዳለ ይዘን «አይራ» ብንላት ይሻላል ወይስ በኤ ጀምረን ትርጉሙን እንተው?