የቤቶቻችን ብርድ፦ ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ የጋራ ሐሳብ

ጸሐፊዋ፦ ሰላም የዕድራችን አባላት። ባለፈው ስብሰባ «አቅመ ደካማ ለሆኑት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ እንግዛ» ተብሎ ነበር፣ ሳንቋጨው ተለያየን። እዚሁ እንምከርና አንድ ሐሳብ ይዘን እንቅረብ። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። ከጮቄ ተራራ የሚወርደው ነፋስ በሐምሌና በነሐሴ ምን እንደሚያደርገን ታውቁታላችሁ። ሰው ቤት ገብተን ጋቢያችንን ሳናወልቅ ነው የምንቀመጠው።

አናጺው፦ ማሞቂያው ለእኔ አልተዋጠልኝም። 2,000 ዋት የሚስብ ማሞቂያ በየማታው ለ4 ሰዓት ቢበራ በወር 240 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራል። ማን ይከፍለዋል? ሙቀቱስ የት ይሄዳል? ኮርኒስ በሌለው ቤት ሽቅብ ወጥቶ በቆርቆሮው ያልቃል። ጠዋት አልጋ ላይ የሚንጠባጠበው ውሃ እኮ የራሳችን ትንፋሽ ነው፤ የቀዘቀዘ ቆርቆሮ ሲነካ ውሃ ይሆናል። የሣር ክዳን በመሐሉ አየር አምቆ ስለሚይዝ ያሞቅ ነበር። ቆርቆሮ ከእሳትና ከፍሳሽ ገላገለን፣ ሙቀቱን ግን አሳጣን። ስለዚህ መጀመሪያ ኮርኒስ ይሠራ። አቅም ከሌለ የማዳበሪያ ከረጢት ተሰፍቶ ቢወጠርም ለውጥ አለው። ቀጥሎ ምርግ። የጤፍ ጭድ በደንብ የገባበት፣ ቦክቶ የሰነበተ ጭቃ ቶሎ አይሰነጠቅም። የበሩና የመስኮቱ ዙሪያም ይደፈን።

አንዲት እናት፦ ጋሼ፣ ያሉት ልክ ነው። እኔ ግን ፈራሁ። ብዙዎቻችን ማታ ከሰል አቀጣጥለን መኝታ ክፍል እናስገባለን። ባለፈው ክረምት እኔና ልጄ ራሳችንን አዞረን፣ አስመለሰን። እንደምንም በሩን ከፍቼ ነው የተረፍነው። ሽንቁሩ ሁሉ ተደፍኖ ቢሆን ኖሮ?

ነርሷ፦ እግዚአብሔር አተረፋችሁ፣ እትዬ። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዛማ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። ከሰሉ ቀላ፣ ጭሱ ጠፋ ማለት ጋዙ የለም ማለት አይደለም። መስኮት ገርበብ ማድረግም አያስተማምንም። ይህ በሐሳቡ ላይ በግልጽ ካልተጻፈ እኔ አልፈርምም።

አናጺው፦ እውነት ነው፣ ይሄን አላሰብኩትም። እንግዲያው ከሰል የሚገባበትን ክፍል አንደፍንም። መጀመሪያ ማዕድ ቤቱ ይለይ፣ ጭስ መውጫ ይኑረው። እዚያው ምርት የሚባለው ማገዶ ቆጣቢ የእንጀራ ምድጃ ቢተከል ከሦስት ጉልቻ ይልቅ ማገዶውን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ከባሕር ዛፍ ማገዶ የተረፈው ብር ለኮርኒሱ ይውላል።

ለንደን ያለሁት ልጃችሁ፦ እዚህ ቤት ሲሸጥም ሲከራይም ቤቱ ምን ያህል ኃይል ቆጣቢ እንደሆነ የሚያሳይ የደረጃ ወረቀት ይጠየቃል። ከእ.ኤ.አ. 2007 ጀምሮ ያለ ነው፤ ደረጃው ከኤ እስከ ጂ ይወርዳል፣ ወረቀቱ ለ10 ዓመት ያገለግላል። መርማሪው ጣሪያ፣ ግድግዳ፣ መስኮትና ማሞቂያ አይቶ ቀጥሎ ምን ቢሠራ እንደሚበጅ ይጽፋል። አብዛኛው ቤት የሚሞቀው በጋዝ ነው። አሁን ከውጭው አየር ሙቀት ስቦ የሚያስገባ መሣሪያ እየተለመደ ነው፤ ለአንድ ኪሎዋት ኤሌክትሪክ ሦስት ኪሎዋት ገደማ ሙቀት ይሰጣል። ቤቱ ሙቀት የሚያፈስ ከሆነ ግን እሱም ብዙ ይበላል። እኛ ብንወስድ የሚጠቅመን ደረጃ አሰጣጡ ይመስለኛል።

ጸሐፊዋ፦ በጣም ወደድኩት። በሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እናድርገው። ኮርኒስ አለ? ግድግዳው ተመርጓል? ማዕድ ቤቱ ተለይቷል? ነፋስ ባለበት ቀን ጧፍ አብርቶ በበርና በመስኮት ዳር ማስጠጋት ነው። ነበልባሉ ከተጣመመ እዚያ ጋ ሽንቁር አለ። መኝታው ውስጥ ከሰል የሚነድበት ቤት ሌላው ምንም ቢያምር «መ» ይሁን። የዕድሩ ብርም ከ«መ» ይጀምር።

ገንዘብ ያዡ፦ እስማማለሁ። ተከራዮቹስ? ኮርኒስ ሠርተን አከራዩ ኪራይ ቢጨምርባቸው ለማን ሠራን?

ጸሐፊዋ፦ አከራዩ ለሁለት ዓመት ላይጨምር በጽሑፍ ይፈርም። ካልፈረመ ተከራዩን በምድጃው እናግዛለን፣ ኮርኒሱን አንነካም።

አናጺው፦ ይሁን። የጉልበቱን ከእኔ ላይ አታስቡ። ጭድና ከረጢት ግን ከአሁኑ ይሰብሰብ፤ ሰኔ ከገባ ጭቃው አይደርቅም።

ነርሷ፦ ቅዳሜ ከሰዓት ከእኔ ጋር የሚዞሩ ሁለት ሰዎች ስጡኝ። ጧፉን እኔ እይዛለሁ። ከእትዬ ቤት እንጀምራለን።