እንስሳት እወዳለሁ፤ ግን የትኛው ሙያ እንጀራ ያበላኛል?

ሰላም ለሁላችሁ። የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። በቅርቡ ዲፓርትመንት እመርጣለሁ፤ ግራ ገብቶኛል።

ያደግኩት ባሌ፣ ዲንሾ አካባቢ ነው። የደጋ አጋዘን መንገድ ሲያቋርጥ ቆሜ እያየሁ ስንት ቀን ከትምህርት ቤት አርፍጃለሁ! ሳነቴ የሚባለው የባሌ ከፍተኛ ሜዳ ላይ ቀይ ቀበሮ አይጥ ስታድን ያየሁ ቀን ደግሞ ልቤ እዚያው ቀረ። (ቀበሮ እንላታለን እንጂ የተኩላ ዘመድ ናት።)

አባዬ "የእንስሳት ሐኪም ሁን" ይለኛል። ቢሾፍቱ ያለውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አስቤ ነበር። ግን የሙያው አብዛኛው ሥራ ከብት ማከምና መከተብ፣ ቄራ ገብቶ ሥጋ መመርመር ነው። እኔ ደግሞ ደም ሳይ ያዞረኛል። በግ ሲታረድ ጓሮ የምደበቅ ሰው ነኝ! ወንዶ ገነት ኮሌጅ ሄጄ ስለ ዱር እንስሳት ብማርስ? እማዬ ይህን ስትሰማ "ተመርቀህ ጫካ ልትቀመጥ?" ብላ ሳቀች። አስጎብኚነትም አለ፤ ቱሪስት ሲጠፋ ግን ገቢውም አብሮ ይጠፋል።

ፓርክ ውስጥ ወይም በእንስሳት ሕክምና የምትሠሩ፣ እባካችሁ ንገሩኝ። ደም መፍራት በልምድ ይለቃል? ከወንዶ ገነት የወጣችሁስ ሥራ ያገኛችሁት የት ነው? ደመወዙንም ሳትደብቁ።