«ክምር» ወይስ «አጀብ»?

ከቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ደሴ፦
ለተማሪዎቼ ስለ ክላይስትሮን ማስታወሻ እያዘጋጀሁ አንድ ቃል ላይ ቆምሁ። ክላይስትሮን በኤሌክትሮን ጨረር በጣም አጫጭር የሬዲዮ ሞገድ የሚያመነጭ ወይም የሚያጎላ ቱቦ ነው፤ ሞገዱን «አጭር ሞገድ» ብዬዋለሁ። ኤሌክትሮኖቹ በጉዞ ላይ ሳሉ የሚሰባሰቡበትን ሁኔታ «ክምር» ብዬ ጻፍሁ፤ ሳነበው ግን ቅር አለኝ። ምን ትላላችሁ?

ከኮምቦልቻ፦
መምህር፣ ቅር ቢልዎት አይፈረድብዎትም። ክምር የቆመ ነገር ነው፤ የጤፍ ክምር አውድማ ዳር ሆኖ ወቂውን ይጠብቃል። ኤሌክትሮን ግን ለአፍታም አይቆም። እኔ «አጀብ» እላለሁ፤ እየሄደ የሚሰባሰብ እርሱ ነውና። ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት ያስቡት፤ ከባዱ መኪና ከኮምቦልቻ ቀድሞ ይነሣል፣ ሚኒባሱ ዘግይቶ ይከተላል፣ ጠመዝማዛው ላይ ይደርስበታል። በቱቦውም ጨረሩ በሚያልፍበት የመጀመሪያው ክፍተት ውስጥ የሚለዋወጠው የኤሌክትሪክ መስክ ቀድመው የገቡትን ያዘገያል፣ ኋላ የመጡትን ያፈጥናል፤ ከዚያ ወዲያ ባለው ባዶ መንገድ ይገናኛሉ። አጀቡ ሁለተኛው ክፍተት ሲደርስ ከጉልበቱ ለሞገዱ አካፍሎ ያልፋል። ልዩነቱን ግን ለተማሪዎቹ ይንገሯቸው፦ መኪኖቹ የሚከማቹት መቅደም ስላልቻሉ ነው፤ ኤሌክትሮኖቹን የሚያገናኛቸው የፍጥነት ልዩነት ነው።

ከሆጤ፣ ደሴ፦
በ«አጀብ» እስማማለሁ። «አጭር ሞገድ» የሚለውን ግን እባክዎ ይተዉት። ስሙ ተይዟል፤ ከ10 እስከ 100 ሜትር የሚረዝመው፣ አባቶቻችን የሩቅ አገር ዜና ያዳመጡበት የሬዲዮ ሞገድ ነው። የክላይስትሮኑ በሴንቲሜትር የሚለካ ነው፤ የ10 ሴንቲሜትሩ በሰከንድ 3 ቢሊዮን ጊዜ ይርገበገባል። «ደቂቅ ሞገድ» ቢሉት ያምራል፤ «ደቂቅ ዘአካላት» ብለን ለምደነዋል። የመሣሪያው ስም ራሱ ደስ ይላል፦ ራስልና ሲጉርድ ቫሪያን የተባሉ ወንድማማቾች በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በ1937 እ.ኤ.አ. ሠሩት፤ ስሙ የወጣው ማዕበል ዳርቻውን መትቶ ሲያጥብ ከሚገልጽ የግሪክ ግሥ ነው።

ከቧንቧ ውሃ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግሡ ግን አስቸገረኝ፤ «ኤሌክትሮኖቹ ታጀቡ» ብል ሌላ አጃቢ ያላቸው ይመስላል።

ከኮምቦልቻ፦
እውነት ነው፤ «ታጀበ» ጌታ ይፈልጋል። «አጀብ ሠሩ» ይበሉ፤ እዚያ አጃቢም ታጃቢም ራሳቸው ናቸው።

ከቧንቧ ውሃ፦
«ኤሌክትሮኖቹ አጀብ ሠርተው ሁለተኛው ክፍተት ይደርሳሉ።» ጽፌዋለሁ።