የካንሰር ሕዋሳትን ከደም ለመለየት፦ በመጠን ወይስ በአንቲቦዲ?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። የባዮሜዲካል ምህንድስና የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ስሆን፣ ለመመረቂያ ሥራዬ ከዋናው ዕጢ ተነጥለው በደም ውስጥ የሚዘዋወሩ የካንሰር ሕዋሳትን የሚለይ የማይክሮፍሉይዲክ ቺፕ (ፈሳሽ በጥቃቅን ቦዮች የሚያልፍበት ትንሽ መሣሪያ) ለመንደፍ አስቤአለሁ። በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ 5 ቢሊዮን ያህል ቀይ እና በርካታ ሚሊዮን ነጭ የደም ሕዋሳት ሲኖሩ፣ የምፈልጋቸው ሕዋሳት ግን በሽታው በተሠራጨበት ሰው ደም ውስጥ እንኳ ብዙውን ጊዜ ከ10 አይበልጡም። አንዳንዱ መሣሪያ በመጠን፣ ሌላው በሕዋሱ ገጽ ላይ ባለ ፕሮቲን ይለያል። የትኛው ይሻለኛል?

መልስ 1

በቅድሚያ ሕዋሱን ከያዙት በኋላ ምን ሊሠሩበት እንዳሰቡ ይወስኑ፤ መሣሪያው የሚመረጠው ከዚያ ተነሥቶ ነው። ለመቁጠር ብቻ ከሆነ፣ በሕዋሱ ገጽ ላይ ያለውን ፕሮቲን ለይቶ የሚይዘው የአንቲቦዲው መንገድ ረጅም ታሪክ አለው። በአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2004 (እ.ኤ.አ.) ፈቃድ ያገኘው ሴልሰርች የተባለው መሣሪያ ቺፕ ባይሆንም፣ ኤፕካም የተባለውን ፕሮቲን የሚይዙ አንቲቦዲዎችን ከማግኔታዊ ብናኝ ጋር በማጣመር ከ7.5 ሚሊ ሊትር ደም ሕዋሳቱን ይለቅማል፤ የተሠራጨ የጡት ካንሰር ባለባት ታካሚ 5 እና ከዚያ በላይ መገኘታቸው በሽታው ሊከፋ እንደሚችል ያመለክታል። በ2007 የማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ተመራማሪዎች ይህንኑ አንቲቦዲ 78,000 ጥቃቅን ምሰሶዎች ባሉት ቺፕ ላይ ለብጠው ደሙን በመካከላቸው አሳለፉት። ሆኖም ሕዋሳት ከቦታቸው ሲፈልሱ ኤፕካምን ሊቀንሱ ይችላሉ፤ እንደ ሜላኖማ (የቆዳ ካንሰር ዓይነት) ያሉ ካንሰሮች ደግሞ ከመነሻውም በዚህ ፕሮቲን አይታወቁም።

መልስ 2

እኔ በመጠን መለየትን እመርጣለሁ፤ ሕዋሱ ምንም ሳይለጠፍበት በሕይወት ሊወጣ ይችላልና። በ2022 በዚያው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ፈቃድ ያገኘው ፓርሶርቲክስ የተባለው መሣሪያ የሚሠራው በመጠንና በመተጣጠፍ ችሎታ ነው። በጠመዝማዛ ቦይ ውስጥ በፍጥነት የሚፈስ ፈሳሽም ትልልቁን ሕዋስ ወደ ውስጠኛው ግድግዳ ስለሚያስጠጋ፣ ያለ ማጣሪያ መለየት ይቻላል። ችግሩ ወንፊት ላይ እንደሚያጋጥመው ነው፦ ትልልቅ ነጭ የደም ሕዋሳትና ትንንሽ የካንሰር ሕዋሳት መጠናቸው ስለሚቀራረብ አብረው ይቀራሉ።

አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስብዎ። ብዙዎች ቺፓቸውን የሚፈትኑት በላቦራቶሪ የተባዙ ኤምሲኤፍ-7 የተባሉ የጡት ካንሰር ሕዋሳትን ከጤነኛ ሰው ደም ጋር ቀላቅለው ነው። እነዚህ ሕዋሳት ትልልቅም ናቸው፣ ኤፕካምም በብዛት አላቸው፤ ስለዚህ ሁለቱም ዓይነት ቺፕ በእነርሱ ላይ ጥሩ ውጤት ያሳያል። የታካሚ ደም ግን እንዲህ ገር አይደለም። ቢያንስ ኤፕካም የሌለው አንድ የሕዋስ ዘር ይጨምሩበት፤ የተያዙትን የካንሰር ሕዋሳት ብዛት ብቻ ሳይሆን አብሮ የቀረውን የነጭ ሕዋስ ብዛትም ይመዝግቡ።

ጠያቂው

ከልብ አመሰግናለሁ። ዓላማዬ መቁጠር ሳይሆን የሕዋሳቱን ዘረመል ማንበብ ነው።

መልስ 3

እንግዲያው ሦስተኛውን መንገድ ይመልከቱ፤ የሚፈለገውን ከመያዝ ይልቅ የማይፈለገውን ማስወገድ ማለት ነው። በ2013 ይፋ በሆነው ሲቲሲ-አይቺፕ በተባለው ቺፕ፣ ነጭ የደም ሕዋሳት አስቀድመው ማግኔታዊ ብናኝ ይለጠፍባቸዋል፤ ከዚያ የምሰሶዎች ረድፍ ቀይ ሕዋሳቱን ያስወጣል፣ የቀሩት በቦይ ውስጥ በአንድ መስመር ይሰለፋሉ፣ በመጨረሻም ማግኔት ነጮቹን ይስባል። የካንሰር ሕዋሱ ምንም ዓይነት ፕሮቲን ይኑረው ሳይነካ ያልፋል።

የዘረመሉን ጥናት መምረጥዎ ተገቢ ይመስለኛል። በ2014 ውጤቱ በታተመው ኤስ0500 በተባለው የአሜሪካ ጥናት፣ ከመጀመሪያው ዙር ኬሞቴራፒ በኋላ በደማቸው ያሉት የካንሰር ሕዋሳት ቁጥር ላልቀነሰ የጡት ካንሰር ታካሚዎች መድኃኒቱን ቶሎ መቀየር ዕድሜያቸውን አላራዘመም፤ ቁጥሩ ሕክምናው አለመሥራቱን ቢናገርም የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ አይናገርም። ሲነድፉ ደግሞ የፍሰቱን ፍጥነት ይጠንቀቁ፤ ተያይዘው የሚጓዙ የሕዋስ ስብስቦች ከነጠላዎቹ ይልቅ በሽታውን የማሠራጨት ኃይላቸው እጅግ የበረታ ሲሆን፣ ኃይለኛ ፍሰት ሊበታትናቸው ይችላል።