ክርክር፦ ፎቶ አንሺ የራሱን ጉጉት ይከተል ወይስ የሰውን ፍላጎት?

ጠያቂዋ፦ ሦስት ዓመት ሙሉ የማነሳው የተዘጉ በሮችን ነው። መቀርቀሪያ፣ ዝገት፣ የተላጠ ቀለም። ለምን እንደሆነ እኔም አላውቀውም። አንድ ባለሙያ ሥራዬን አይቶ «ይሄ የግል አባዜ ነው፤ ሰው የሚፈልገውን አንሺ» አለኝ። ልክ ነው? ተከራከሩበት።

ሠርግ አንሺው፦ ልክ ነው። አትቀየሚኝ እህቴ፣ ለበር ፎቶ የከፈለ ደንበኛ እስካሁን አላየሁም። 11 ዓመት ያኖረኝ ካሜራ ነው። ሙሽራዋ የምትፈልገው እናቷ እንባዋን ስትጠርግ እንጂ እኔን ያስገረመኝን የመጋረጃ ጥላ አይደለም። ጉጉት የቤት ኪራይ አይከፍልም።

ጥቁርና ነጭ፦ ዊልሰን ቤንትሌይ የሚባል የአሜሪካ ገበሬ ነበር፣ ቬርሞንት ውስጥ። እ.ኤ.አ. በ1885 ካሜራውን ከማይክሮስኮፕ ጋር አጋጥሞ አንዲት የበረዶ ቅንጣት አነሳ። ከዚያ በ1931 እስኪሞት ድረስ ከ5,000 በላይ አነሳ። ትንፋሽ ሲነካው የሚቀልጥ ነገር! ማን አዘዘው? ማንም። የበረዶ ቅንጣት በተነሳ ቁጥር ግን ዛሬም ስሙ አብሮ ይነሳል።

ሠርግ አንሺው፦ ገበሬ ነበር አልክ እኮ። መተዳደሪያው እርሻ ነው። ለኔ መሰከርክልኝ።

ጥቁርና ነጭ፦ እሺ፣ እዚህ ላይ ረታኸኝ። አትዤስ? ዩጂን አትዤ ፓሪስ ውስጥ ለሠዓሊዎችና ለቤተ መጻሕፍት ፎቶ እየሸጠ ነው የኖረው። የድሮ ደረጃ፣ የሱቅ መስኮት፣ አዎ፣ በርም ጭምር። እ.ኤ.አ. በ1920 ወደ 2,600 የሚሆኑ ኔጌቲቮችን ለፈረንሳይ መንግሥት በ10,000 ፍራንክ ሸጧል። ደንበኛውም ጉጉቱም አንድ መንገድ ላይ ተገናኙለት። አንተ ሁለቱን ጠላት አደረግሃቸው።

ሠርግ አንሺው፦ እንደሱ የሚገናኝለት ከስንት አንድ ነው?

ዜና አንሺዋ፦ ሁለታችሁም ስለ ገንዘብ ነው የምትጨቃጨቁት። በር አይከፋውም፣ ስሙም አይጠፋም። እኔን የሚያስጨንቀኝ ጉጉቱ ወደ ሰው ሲዞር ነው። የአሜሪካዊቷን ፎቶ አንሺ የዶሮቲያ ላንግን ታሪክ ልንገራችሁ፤ ትንሽ ይረዝማል።

እ.ኤ.አ. መጋቢት 1936 ላንግ ለአሜሪካ መንግሥት ስታነሳ የከረመችውን ጨርሳ ወደ ቤቷ እየነዳች ነበር። መንገድ ዳር የአተር ለቃሚዎችን ሰፈር የሚጠቁም ምልክት አይታ አለፈችው። ሥራው አልቋል፣ ዝናብ ነው፣ ደክሟታል። 32 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደች በኋላ ግን አላስችል ብሏት መኪናዋን አዞረች። ያዘዛት የለም። ልጆቿን ይዛ ድንኳን ሥር የተቀመጠች የ32 ዓመት ሴት አገኘች፤ አሥር ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ጥቂት ፎቶ አንስታ ሄደች። ዓለም «ስደተኛዋ እናት» ብሎ የሚያውቀው ያ ነው። እስከዚህ ድረስ ለጥቁርና ነጭ ይመሰክራል።

አሁን ቀሪውን ስሙ። ላንግ የሴትየዋን ስም አልጠየቀችም፤ እንዳልጠየቀች ራሷ ጽፋለች። ምግብ ለመግዛት የመኪናቸውን ጎማ ሸጠዋል ብላም ጻፈች። የሴትየዋ ቤተሰብ በኋላ «ጎማ አልሸጥንም» አሉ። ፎቶው ጋዜጣ ላይ ከወጣ በኋላ መንግሥት ወደ ሰፈሩ 9 ቶን ያህል ምግብ ላከ፤ ቤተሰቡ ግን ቀድሞ ሄዷል። ፍሎረንስ ኦወንስ ቶምፕሰን መሆኗ በአደባባይ የታወቀው በ1978 ነው፣ ከ42 ዓመት በኋላ። በፎቶው አንዲት ሳንቲም አላገኘሁም ብላ ቅሬታዋን ተናግራለች።

ያ ጉጉት 32 ኪሎ ሜትር መለሳት፤ «ስምሽ ማነው?» ለማለት ግን አልበቃም። ግማሽ ጉጉት ይሉሃል ይሄ ነው።

ጥቁርና ነጭ፦ ከባድ ነገር አመጣሽ። ግን ቀድማ ብትጠይቅ ያ ፊት ይገኝ ነበር? ሰው ካሜራ እንዳለ ሲያውቅ ፊቱን ያስተካክላል። ይሄን አንቺም ታውቂዋለሽ።

ዜና አንሺዋ፦ ቀድማ ትጠይቅ አላልኩም። ካነሳች በኋላ ምን ያዛት?

ጥቁርና ነጭ፦ መልስ የለኝም። እኔም መንገድ ላይ ያነሳኋቸውን ሰዎች አንዳቸውንም በስም አላውቅም። ሃርድ ድራይቭ ሙሉ ነው።

ሠርግ አንሺው፦ ይገርማችኋል፣ እኔ አውቃለሁ። ከሥራው በፊት የስም ዝርዝር እቀበላለሁ፤ አያት ማን ትባላለች፣ ከማን ጋር ትነሳለች። እናንተ የምትንቁት የትእዛዝ ሥራ ነው ያስተማረኝ። ይሁን እንጂ ሐቁን ልናገር፣ ዝርዝሩ ላይ የሌለ ሰው አይታየኝም። ባለፈው አንድ ልጅ ጠረጴዛ ሥር ተኝቶ ነበር፤ አይቼው አለፍኩ። እስካሁን ይቆጨኛል።

ዜና አንሺዋ፦ ጠያቂዋ፣ ጠፋሽ። በሮችሽን ለምን እንደምታነሺ ሳታውቂ ሦስት ዓመት መቆየትሽን እኔ እንደ ጥፋት አላየውም። ግን አንዱንም አንኳኩተሽ ታውቂያለሽ?

ጠያቂዋ፦ አላውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ፎከስ እያደረግኩ ሳለ በሩ ተከፈተና አንድ ሽማግሌ ብቅ አሉ። ደንግጬ ይቅርታ ብዬ ሮጥኩ። እሳቸው ግን የተቆጡ አይመስሉም ነበር፤ የሆነ ነገር ሊሉኝ አፋቸውን ከፍተው ነበር።

ሠርግ አንሺው፦ የትኛው በር እንደሆነ ታስታውሻለሽ?

ጠያቂዋ፦ ሰማያዊው። ፎቶው አለኝ፣ ግማሽ ክፍት ሆኖ ነው የወጣው። ተበላሽቷል ብዬ ለማንም አላሳየሁትም።